ኢብን ሲና፦ የልብን ትርታ ከፍርሃትና ከሐዘን ጋር አስተሳስረው ያጠኑ ሐኪም

በጅዳ ከተማ በኢብን ሲና ስም የሚጠራ የሕክምና ኮሌጅ አለ። ከመካ ወጣ ብሎ ሐዳ በሚባለው አካባቢም በዚሁ ስም የሚታወቅ ሆስፒታል ይገኛል። ሥራ ውለው ሲገቡ ወይም ለዑምራ ሲጓዙ ስሙን በሰሌዳ ላይ የሚያነቡ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። ሆኖም የስሙ ባለቤት ማን እንደነበሩ፣ በተለይም ስለ ልብ ምን ጽፈው እንዳለፉ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ኢብን ሲና ዘመናቸውን የፈጸሙት ከሒጃዝ እጅግ ርቀው፣ በመካከለኛው እስያና በፋርስ ምድር ነበር። ዛሬም ድንጋጤ፣ ሥጋትና ሐዘን የሰውን ልብ እንዴት እንደሚነኩ ሲጠየቅ፣ መልሱን ከእርሳቸው ሥራ መጀመር ተገቢ ነው።

አቡ ዐሊ አል-ሑሰይን ኢብን ዐብደላህ ኢብን ሲና የተወለዱት በ370 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ980 ገደማ፣ ከቡኻራ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው አፍሸና በተባለች መንደር ነው። አባታቸው ከበልኽ የመጡ፣ በሳማኒዶች መንግሥት ውስጥ በአስተዳደር ሥራ የተሰማሩ ሰው ነበሩ። እናታቸው ሲታራ ትባላለች። ቤተሰቡ ወደ ቡኻራ ከገባ በኋላ ሕፃኑ ለመምህራን ተሰጡ፤ አሥር ዓመት ሲሞላቸውም ቁርኣንን በቃላቸው አጥንተው ነበር። የሒሳብን ስሌት አትክልት ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ፣ ፊቅህን ከኢስማዒል አል-ዛሂድ፣ ሎጂክንና የዩክሊድን ጂኦሜትሪ ደግሞ አል-ናቲሊ ከተባሉ መምህር ዘንድ ተማሩ።

ወደ ሕክምና የገቡት ገና በልጅነታቸው ሲሆን፣ በ16 ዓመታቸው ሌሎች ሐኪሞች እየመጡ ከእርሳቸው ይማሩ እንደነበር በራሳቸው የሕይወት ታሪክ አስፍረዋል። ሕክምና ከከባዶቹ ዕውቀቶች የሚቆጠር አልመሰላቸውም። የከበዳቸው ፍልስፍና ነበር። የአሪስጣጣሊስን ሜታፊዚክስ 40 ጊዜ አንብበው አልገባቸው ብሎ ተስፋ በቆረጡ ጊዜ፣ በመጻሕፍት ገበያ አንድ ነጋዴ በ3 ዲርሃም የሸጠላቸው የአል-ፋራቢ ትንሽ መጽሐፍ ምሥጢሩን ፈታላቸው። በማግስቱም በደስታ ለድሆች ሰደቃ ሰጡ። አንድ ጥያቄ ሲያስቸግራቸው ወደ መስጊድ ሄደው ሰላት መስገድና አላህን መለመን ልማዳቸው እንደነበር ጽፈዋል።

የሳማኒዶች አሚር ኑሕ ኢብን መንሱር በታመሙ ጊዜ ወጣቱ ሐኪም ከቤተ መንግሥቱ ሐኪሞች ጋር እንዲያክሙ ተጠሩ። በዚያ አገልግሎት ወደ አሚሩ ቤተ መጻሕፍት የመግባት ፈቃድ አገኙ። ክፍሎቹ በዕውቀት ዘርፍ የተከፈሉ፣ መጻሕፍቱ በሣጥን በሣጥን የተደረደሩ ነበሩ። እዚያ ያነበቡት ለዕድሜ ልክ ስንቅ ሆናቸው። ሰላሙ ግን አልዘለቀም። በ999 የሳማኒዶች መንግሥት ወደቀ፤ አባታቸውም ሞቱ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ሞታቸው ድረስ ኢብን ሲና አንድ ቦታ ላይ ተረጋግተው የኖሩባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው።

የስደትና የሥልጣን ዓመታት

ቡኻራን ለቀው መጀመሪያ ወደ ጉርጋንጅ፣ ከዚያም ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ በ1012 ገደማ ወደ ጁርጃን ደረሱ። የሄዱት ዕውቀት ወዳድ በመባል የሚታወቁትን ገዢ ቃቡስ ኢብን ዉሽምጊርን ፈልገው ነበር፤ ሲደርሱ ግን ቃቡስ በራሳቸው ሠራዊት ከሥልጣን ወርደው ሞተዋል። በዚያች ከተማ አቡ ዑበይድ አል-ጁዝጃኒ የተባሉ ተማሪ ተዋወቋቸው። እኒህ ሰው እስከ መጨረሻው አብረዋቸው ኖሩ፤ ዛሬ ስለ ሐኪሙ ሕይወት የሚታወቀው አብዛኛው ነገርም የተገኘው ከእርሳቸው ብዕር ነው። ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ የተባለው ባለ 5 ክፍል ታላቅ የሕክምና መጽሐፍ መጻፍ የተጀመረውም በጁርጃን ነው።

ከሬይ ከተማ በኋላ ወደ ሐመዳን ሄዱ። በዚያ የገዢውን የሸምስ አድ-ደውላን የሆድ ቁርጠት አክመው ስላዳኑ ወዳጅ ሆኗቸው፤ ወዲያውም ዋዚር አድርጎ ሾማቸው። ሹመቱ ግን ጠላት አፈራባቸው። ወታደሮቹ አምፀው ቤታቸውን ከበቡ፣ ንብረታቸውን ዘረፉ፣ እንዲገደሉም ጠየቁ። ገዢው ግድያውን እምቢ ብሎ ከሥልጣን በማንሳት አለፈው። ኢብን ሲና 40 ቀን በአንድ ወዳጃቸው ቤት ተሸሽገው ቆዩ። ሕመሙ በተመለሰበት ጊዜ ገዢው አስፈልጎ አስመጣቸው፤ ይቅርታ ጠይቆም ዳግመኛ ዋዚር አደረጋቸው።

በዚህ ዘመን ቀናቸው ለመንግሥት ሥራ፣ ሌሊታቸው ለትምህርት ነበር። ሲመሽ ተማሪዎች ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ከቃኑን፣ ሌላው አሽ-ሺፋእ ከተባለው የፍልስፍና መጽሐፋቸው ያነባል። በ1021 ሸምስ አድ-ደውላ ሲሞት ከልጁ ዘንድ ዋዚር ለመሆን አልፈለጉም። በኢስፋሃን ከነበረው ገዢ ከዐላእ አድ-ደውላ ጋር በምሥጢር ተጻጽፈዋል ተብለው ፈርደጃን በተባለው ምሽግ ታሰሩ። እስራቱ 4 ወር ያህል ቆየ። በእስር ሳሉም ስለ ሆድ ቁርጠት የሚናገረውን ድርሰታቸውን ጨምሮ የተለያዩ ሥራዎች ጻፉ። በኋላ የሱፊ ልብስ ለብሰው ከወንድማቸው፣ ከአል-ጁዝጃኒና ከሁለት አገልጋዮች ጋር ከሐመዳን አምልጠው ኢስፋሃን ገቡ።

ልብና ስሜት በኢብን ሲና መጻሕፍት

እንዲህ ባለ የሥጋት ኑሮ ውስጥ ያለፉ ሐኪም ስለ ልብና ስለ ስሜት ለብቻው መጽሐፍ መጻፋቸው የሚያስገርም አይደለም። አል-አድዊያ አል-ቀልቢያ፣ ማለትም የልብ መድኃኒቶች የተባለው መጽሐፋቸው ከመድኃኒቶቹ ዝርዝር በፊት የሚጀምረው ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣና ፍርሃት ከልብ ጋር ያላቸውን ግንኙነት በመመርመር ነው። በዘመኑ ሕክምና እምነት ልብ ሩሕ የተባለ ረቂቅ ነገር የሚመነጭባት ስፍራ ነበረች። ስሜቶች ይህን ሩሕ በሁለት መንገድ ያንቀሳቅሱታል፤ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ። እንቅስቃሴውም ድንገተኛ ወይም ቀስ በቀስ ይሆናል። ቁጣ በድንገት ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ደስታ በዝግታ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ድንጋጤ በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል፤ ሐዘን ግን ቀስ እያለ ይስበዋል።

በቃኑን ውስጥ ደግሞ የደም ሥር ትርታ በ10 መለኪያ ይመረመራል። ስፋቱ፣ ኃይሉ፣ ፍጥነቱ፣ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ዕረፍት፣ የሥሩ ልስላሴና ጥንካሬ፣ እኩልነቱና ሥርዓቱ ከመለኪያዎቹ ውስጥ ይገኛሉ። ኢብን ሲና ቁጣ ትርታን ትልቅና ፈጣን እንደሚያደርገው፣ ሐዘን ትንሽና ደካማ እንደሚያደርገው፣ ድንገተኛ ፍርሃት ግን ፈጣን፣ የሚንቀጠቀጥና ሥርዓት የሌለው እንደሚያደርገው አስፍረዋል። በሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ልብ በሽታዎች ሲጽፉም ኸፈቃን ለተባለው የልብ መርበትበት ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል።

በፍቅር የታመመ ወጣት ታሪክም ከስማቸው ጋር ይነሣል። ሐኪሙ የወጣቱን ትርታ ይዘው የሰፈሮችን፣ የቤቶችንና የሰዎችን ስም እያስጠሩ፣ ትርታው በተዛባበት ስም የተደበቀውን ምሥጢር እንዳወቁ ይተረካል። ታሪኩን የጻፉት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው የተነሡት ፋርሳዊው ኒዛሚ ዐሩዲ ናቸው፤ በሕይወት ሳሉ ሐኪሙን እንደተቀበሉ የሚነገርላቸው ቃቡስም በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ስለዚህ ትረካው እንደ ታሪክ ማስረጃ አይቆምም። ዘዴው ግን እውነተኛ ነው፤ ኢብን ሲና ራሳቸው በቃኑን ውስጥ ስለ ፍቅር ሕመም ሲጽፉ አስተምረውታል።

የዘመናቸው ስሕተት እርሳቸውንም አልቀረላቸውም። የጋሌንን ትምህርት ተከትለው ደም በልብ መካከለኛ ግድግዳ በኩል ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚያልፍ ያምኑ ነበር። ይህን ያረሙት የሻፊዒ መዝሀብ ተከታይ የነበሩት ሐኪም ኢብን አን-ነፊስ ናቸው። በ1242 በቃኑን የአካል ክፍል ላይ በጻፉት ማብራሪያ ግድግዳው ቀዳዳ እንደሌለውና ደም በሳንባ በኩል ዞሮ እንደሚያልፍ አስረዱ። በፍልስፍናቸውም ቢሆን ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል፤ ኢማም አል-ገዛሊ በ1095 ገደማ በጻፉት መጽሐፍ የፈላስፎቹን አቋም ነቅፈዋል። እኒሁ ኢማም ግን ሕክምናን ከማኅበረሰቡ ከፊሉ ሊማረው ግዴታ ከሆኑት ዕውቀቶች መድበውታል። የኢብን ሲና ሕክምና ከፍልስፍናቸው ተለይቶ በሙስሊሙ ዓለም ሲሠራበት የኖረው በዚህ ዓይነት ሚዛን ነው። መጽሐፋቸው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሩበት።

ሩሕ ካሉት ወደ ሆርሞን

ከኢብን ሲና ሞት በኋላ ወደ 900 ዓመት ገደማ ሲያልፍ፣ ትርታውን የሚያውከው ነገር ምን እንደሆነ በላቦራቶሪ መታየት ጀመረ። በ1901 ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ ከኩላሊት በላይ ከሚገኙት ዕጢዎች አድሬናሊንን ለይተው አወጡ። በ1907 አርተር ኪዝና ማርቲን ፍላክ በቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል ግድግዳ የትርታው መነሻ የሆነችውን ትንሽ የሴሎች ስብስብ አገኙ። በ1921 ኦቶ ሌዊ በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ የአንድን እንቁራሪት ልብ ነርቭ ነክተው፣ ልቡ የታጠበበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ እንቁራሪት ልብ ሲያዛውሩ ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ትርታውን ለወጠ። ነርቭ ልብን የሚያዝዘው ኬሚካል በመልቀቅ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ፤ በ1936ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እያንዳንዱ የልብ ሴል ትንሽ ባትሪ ይመስላል። በሴሉ ውስጥና ውጭ የሶዲየም፣ የፖታሲየምና የካልሲየም መጠን ስለሚለያይ የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጠራል። በታችኛው የልብ ክፍል ጡንቻ፣ ሴሉ በዕረፍት ላይ ሳለ ውስጡ ከውጩ 90 ሚሊቮልት ያህል ዝቅ ይላል። በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ሲከፈቱ ሶዲየም ይገባል፤ ካልሲየም ተከትሎ ይገባና ጡንቻው እንዲኮማተር ያደርጋል፤ ፖታሲየም ሲወጣ ሴሉ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። የትርታው መነሻ የሆኑት ሴሎች ግን ፈጽሞ አያርፉም። አንዱን ምት እንደ ጨረሱ ቀስ እያሉ ወደ ሚቀጥለው ይንሸራተታሉ። በ1979 ይህን መንሸራተት የሚያግዝ ልዩ የኤሌክትሪክ ፍሰት እንዳለ ታወቀ።

ሰው ሲደነግጥ አንጎል በነርቭ በኩል ዕጢዎቹን ያዝዛል፤ አድሬናሊን በሰከንዶች ውስጥ ደም ውስጥ ይፈስሳል። ከልብ ነርቮች ጫፍም የቅርብ ዘመዱ ኖርአድሬናሊን ይለቀቃል። ሁለቱም በልብ ሴል ሽፋን ላይ ካለው ቤታ ከተባለው ተቀባይ ጋር ይያያዛሉ። ያን ጊዜ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክተኛ በሴሉ ውስጥ ይበዛል። ይህ መልእክተኛ በመነሻ ሴሎች ያለውን መንሸራተት ስለሚያፋጥን ትርታው ይበዛል። የካልሲየም በሮችም በሰፊው እንዲከፈቱ ስለሚያደርግ ጡንቻው በኃይል ይኮማተራል። አደጋውም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ካልሲየም ከመጠን አልፎ በሴሉ ውስጥ ሲከማች ከጎተራው ያለ ጊዜው ሊያፈስና ሴሉ ሳይታዘዝ ሊመታ ይችላል። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል፤ ጠባሳ ያለበት፣ ደም የሚያንሰው ወይም በዘር የወረሰው የኤሌክትሪክ ችግር ያለበት ልብ ግን ሥርዓቱን ሊያጣ ይችላል።

ኮርቲሶል የተባለው ሌላው የጭንቀት ሆርሞን አካሄዱ ዝግ ያለ ነው። ወደ ሴሉ ገብቶ የትኛው ፕሮቲን ይብዛ፣ የትኛው ይነስ የሚለውን ይለውጣል፤ ሥራው በሰዓታትና በቀናት ይታያል። ከአድሬናሊን ጋር ሲደራረብም የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ ያቆያል። በተቃራኒው ቬገስ የተባለው ነርቭ አሴቲልኮሊንን ለቆ የፖታሲየም በሮችን ስለሚከፍት ትርታውን ያረጋጋል።

ይህን ከኢብን ሲና አከፋፈል ጋር የሚያስተያይ ሰው መጠንቀቅ አለበት። ሆርሞንን አላወቁም፤ በሩሕ የሰጡት ማብራሪያም ዛሬ አይሠራበትም። የቀረው ምልከታቸው ነው፤ ድንገተኛ ስሜትና ቀስ በቀስ የሚመጣ ስሜት ልብን በተለያየ መንገድ እንደሚነኩ በጣታቸው ዳስሰው ለይተዋል። በ1990 የጃፓን ሐኪሞች ታኮትሱቦ ብለው የሰየሙት ሕመም ይህን ምልከታ ያስታውሳል። ከባድ መርዶ ወይም ብርቱ ድንጋጤ የገጠመው ሰው የታችኛው የልብ ክፍሉ በድንገት ይደክማል፤ ምልክቱ የልብ ድካም ድንገተኛ ጥቃት ይመስላል፤ የልብ ደም ሥሮቹ ግን ሲታዩ አልተዘጉም። በአብዛኛው የሚይዘው በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ነው፤ ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ፤ አንዳንዶቹ ግን አይተርፉም።

የኢትዮጵያ አባቶችና እናቶች ለመርዶ ያበጁት ሥርዓት ከዚህ አንጻር ሲታይ ጥበብ አለው። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌዎችና በዘመድ ተከብቦ፣ ሰውየው ብቻውን ሳይሆን ይነገራል። ዛሬ ጅዳ ወይም መካ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት የእናቷን ሞት በሥራ መካከል ብቻዋን ሳለች በስልክ መልእክት ልትሰማ ትችላለች። በድንገት የሚመጣውን ሐዘን በዝግታ እንዲመጣ ማድረግ፣ ለአጽናኝ ወዳጅ አስቀድሞ መንገር፣ ብቻዋን አለመተው ጥንታዊው ልማድ የሚያስተምረው ነው። ከመርዶ በኋላ ደረቱን የሚጨብጠው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ራሱን የሚስት ሰው ደግሞ ሐዘን ነው ተብሎ ሳይታለፍ ወዲያው ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይገባል።

በመካ የሐጅ ቀናትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። በሶፋና በመርዋ መካከል የሚደረገው ሰዕይ ብቻ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙቀት፣ ግፊያ፣ እንቅልፍ ማጣትና የውሃ ጥም ሲደራረቡ አድሬናሊን ይጨምራል፤ በላብ የሚወጣው ጨውም የልብን ኤሌክትሪክ ሊያውክ ይችላል። የልብ ሕመም በሐጅ ወቅት ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። በመካ የሚገኘው የንጉሥ ዐብደላህ የሕክምና ከተማም በየዓመቱ ለሐጃጆች የልብ ሕክምና ይሰጣል። በ1960ዎቹ በጄምስ ብላክ ሥራ የተገኙት የቤታ ተቀባይን የሚዘጉ መድኃኒቶች አድሬናሊን በልብ ላይ ያለውን ኃይል ያበርዳሉ፤ እነዚህን በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። መድኃኒቱን አገር ቤት ረስቶ የመጣ ሐጃጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሸሪዓ ለሕመምተኛ በተሽከርካሪ ወንበር ጦዋፍና ሰዕይ ማድረግን የፈቀደለት መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

የመጨረሻ ቀናት

ኢብን ሲና በኢስፋሃን የተሻለ ክብር አገኙ፤ ሽሽቱ ግን አልቀረም። በ1030 የጋዝናው መስዑድ ሠራዊት ከተማዋን ሲዘርፍ የመጻሕፍታቸው ከፊል ጠፋ። ከገዢው ጋር ወደ ዘመቻ ሲወጡ፣ በመጽሐፍ የጻፉለት ያው የሆድ ቁርጠት እርሳቸውን ያዛቸው። ቶሎ ለመዳን ሲሉ በአንድ ቀን ሕክምናውን ደጋግመው በራሳቸው ላይ ፈጸሙ፤ ሕመሙም ባሰ። ትንሽ ባገገሙ ጊዜ ደግሞ ዕረፍት አልወሰዱም። ወደ ሐመዳን በሚደረገው ጉዞ ላይ ኃይላቸው እንዳለቀ ተረዱ፤ አካላቸውን የሚያስተዳድረው ኃይል ስለ ደከመ ሕክምና ከእንግዲህ እንደማይረዳቸው አውቀው መድኃኒቱን ተዉ። ገንዘባቸውን ለድሆች እንደ ሰጡ፣ ባሮቻቸውን ነፃ እንዳወጡና በየ3 ቀኑ ቁርኣንን እያኸተሙ እንደ ቆዩ ይነገራል።

በ428 ዓመተ ሒጅራ በረመዳን ወር፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1037 በ58 የሒጅራ ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ። መቃብራቸው ዛሬም በሐመዳን ይገኛል። የሌላውን ሰው ትርታ በጣታቸው ይዘው ፍርሃቱንና ሐዘኑን ያነበቡ ሐኪም ለራሳቸው ልብ ግን ዕረፍት ሳያገኙለት አለፉ።